የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የታክስ ማበረታቻ እና የአርሶ አደሩ ጥያቄ

በ2014 ዓ.ም በተላለፈ የገንዘብ ሚኒስቴር ውሳኔ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስ እና ከሱር ታክስ ነጻ ተደረጉ። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ ሲኾን፣ ተበትነው ገብተው በሀገር ውስጥ የሚገጣጠሙት ቀረጥ እንዳይከፈልባቸው ተደረገ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተወስኗል።

የውሳኔው መነሻ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ ነዳጅን በውጭ ምንዛሬ ትገዛለች፤ ኤሌክትሪክን ግን በዋናነት ከወንዞቿ ታመነጫለች።

ይኹን እንጂ የታክስ ቅናሹ በቀጥታ የሚጠቅመው መኪና የመግዛት አቅም ያለውን ነው። አርሶ አደሩ የነዳጅን ዋጋ የሚከፍለው ማዳበሪያ ወደ ቀበሌው ሲጓጓዝ፣ ምርቱ ወደ ገበያ ሲጫን እና የመስኖ ፓምፑ ውኃ ሲስብ ነው። እነዚህ ሥራዎች ዛሬም በአብዛኛው በናፍጣ እና በቤንዚን ይከናወናሉ። በርካታ የገጠር ቀበሌዎችም የኤሌክትሪክ መስመር ገና አልደረሳቸውም፤ መስመር በሌለበት ደግሞ ርካሽ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ብቻውን መፍትሔ አይኾንም።

ስለዚህ የማበረታቻው ውጤት በከተማ ጎዳናዎች በሚታዩ አውቶሞቢሎች ብዛት ብቻ ሊለካ አይገባም። ከማሳ እስከ ገበያ ያለውን የማጓጓዣ ወጪ ሲቀንስ ነው ጥቅሙ ለገጠሩም የሚተርፈው። ለዚህም የጭነት ተሽከርካሪዎች፣ የኃይል መሙያ ጣቢያዎች እና የገጠር መስመር ዝርጋታ በአንድ ላይ ሊታቀዱ ይገባል።