ከጳጉሜን አንዷን ቀን ለሰፈራችን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለከተማው ትምህርት ቢሮ፣ ለጉለሌ ክፍለ ከተማ አስተዳደር
ጉዳዩ፦ የእጅ ጥበብና ሳይንስ የሚገናኙበት የሰፈር በዓል እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

የተከበሩ የቢሮው ኃላፊ፣

ጉለሌ ውስጥ የምኖር፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። አዳራሽ ይሠራልን ብዬ አልጻፍኩም፤ ትልቅ በጀት ይመደብልንም አላልኩም። የምጠይቀው ከጳጉሜን ቀናት አንዷን፣ በሽሮ ሜዳ ወይም በቀጨኔ ካሉት የውስጥ መንገዶች አንዱን፣ ከዚህም በላይ ለሰፈራችን ሸክላ ሠሪና ሸማኔ የአንድ ቀን የመምህርነት ወንበር ነው።

አውደ ርዕይ እንደማያጥረን አውቃለሁ። በየዓመቱ የሳይንስና የፈጠራ ሥራ ውድድር አለ፤ የባህል ሳምንትም አለ። ሁለቱ ግን ተያይተው አያውቁም። በአንዱ ድንኳን ሥር ልጁ ከካርቶንና ከሽቦ የሠራውን ማሽን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ በቃሉ የሸመደደውን ይተርካል። እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል፣ ካሜራው ብልጭ ይላል፣ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ደግሞ ፊት ለፊት ተለጥፏል። በሌላው ድንኳን ሥር እንዝርትና ጀበና ለዓይን ተደርድረዋል፤ እዚያም መንካት የለም። ሳይንሱም ባህሉም ልጆቹ ዘንድ የሚደርሱት ከሩቅ ነው።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ለከተማችን ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ለማሳነስ አልተነሣሁም። ነገር ግን ሙዚየም ሊያደርገው የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ ልጁ በየቀኑ በበራፏ የሚያልፍባትን ጎረቤት አስተማሪ አድርጎ ሊያሳየው አይችልም።

ምን ማለቴ እንደሆነ ከቀጨኔ ልጀምር። እዚያ ያለች ሸክላ ሠሪ ጭቃውን ስታቦካ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ትቀላቅልበታለች። ይህን ካላደረገች ዕቃው እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል፣ ውስጡ የቀረው ውሃም እንፋሎት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል። ገሉ አንዴ የተተኮሰ ስለሆነ ሁለተኛ አይኮማተርም፤ ለእንፋሎቱም መተላለፊያ ይከፍትለታል። ያው ጭቃ እሳቱ አየር እንደ ልብ ካገኘ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ ከታፈነና ጭስ ከዋጠው ይጠቁራል። ቀዩ ቀለም በጭቃው ውስጥ ያለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚመጣ ነው። እኛ ይህን ክፍል ውስጥ ኦክሲዴሽን ብለን በጠመኔ እንጽፈዋለን፣ ተማሪው ለፈተና ይይዘዋል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። እሷ ደግሞ ጀበናውን ከእሳት መቼ እንደምታወጣ በቀለሙ ታውቃለች። ከትምህርት ቤታችን ቅጥር ግቢ እስከ እሷ ቤት የእግር መንገድ ነው፤ ግን አንድም ቀን ጠርተናት አናውቅም።

ሽሮ ሜዳም እንደዚያው ነው። በዚያ ያሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ጥለት ሲያወጣ የትኛው ክር እንደሚነሣ፣ የትኛው እንደሚቀር በልቡ እየቆጠረ ነው። ጥለቱ ከመሐል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተስተካክሎ የሚሄደው በዓይን ግምት አይደለም፣ በስሌት ነው። ክሩ ወይ ይነሣል ወይ ይቀራል፤ ሦስተኛ ምርጫ የለውም። ፈረንሳዊው ዣካርድ በ1804 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የማንሳትና የመተው ትእዛዝ በተበሳ ካርድ ላይ አስፍሮ ጥለቱን ለሸማኔው የሚያወጣለት መሣሪያ ሠራ። የተበሳው ካርድ ኋላ ከሽመና ወጥቶ ወደ ሒሳብ ማሽን ተሻገረ፤ ከዚያም ኮምፒውተር ዘንድ ደረሰ። ኮዲንግ ካልተማርኩ ብሎ ወላጁን የሚያስጨንቅ ልጅ የሰፈሩ ሸማኔ ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብሎ አንድ ከሰዓት ቢውል ብዙ ያተርፋል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እነዚህን ሰዎች ለዘመናት ስንሰድብ ኖረናል። ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን ምን ምን ስንላቸው እንደኖርን መዘርዘር አያስፈልግም፤ እርስዎም ያውቁታል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ዛሬም በተማሪ መረጃ ቅጽ ላይ «የእናት ሥራ» በሚለው ቦታ «ነጋዴ» ብሎ የሚሞላ ልጅ አውቃለሁ። እናቱ ጀበና ትሠራለች። አዋጅ ስድቡን ሊከለክል ይችላል፤ ያ ልጅ የእናቱን ሥራ አፉን ሞልቶ እንዲናገር የሚያደርገው ግን የክፍል ጓደኞቹ እጃቸውን ጭቃ ውስጥ ከተው «እትዬ፣ የእኔ ለምን ተጣመመ?» ብለው ሲጠይቋት ማየቱ ነው። ይህ በቴሌቪዥን አይሆንም፤ ከሰፈሩ ውጭም አይሆንም። በዓሉ በሰፈር ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ነገሩ በሌላ አገር ተሞክሯል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍራንክ ኦፐንሃይመር በፖለቲካ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ተገፍቶ ከብት ሲያረባ ቆየ፤ ኋላም በገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1969 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለውን ሙዚየም ከፈተ። በዚያ ቤት ሁሉም ነገር የሚነካ ነው፤ ሠዓሊውና የሳይንስ ሰውም አብረው ይሠራሉ። እኛ ሕንፃውን መኮረጅ አያስፈልገንም። ጉለሌ ውስጥ ባለሙያዎቹ አሉ፣ መሣሪያዎቹ አሉ፣ ልጆቹም አሉ። የጎደለው መገናኛ ቀን ነው።

ጳጉሜንን የመረጥኩት በብዙ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ወንዶቹ ልጆች ለእንቁጣጣሽ የሚያዞሩትን ሥዕል የሚያዘጋጁበት፣ ሴቶቹ አበባየሆሽ የሚለማመዱበት ሰሞን ነው። መንግሥትም ላለፉት ዓመታት ለጳጉሜን ቀናት እየለየ ስያሜ ይሰጣቸዋል፤ እናም አንዷን ለዚህ መስጠት እንግዳ ነገር አይሆንም። ወሯ ራሷስ ትምህርት አይደለችምን? ዓመቱ 365 ቀን ብቻ ሆኖ ስለማያበቃ፣ ትርፉ ሩብ ቀን እየተጠራቀመ በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜንን ስድስት ያደርጋታል። ሊቃውንቱ ይህን በባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉት ኖረዋል፤ አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህርና አንድ የሒሳብ መምህር በአንድ ሰሌዳ ላይ ቢያሠሩት ልጆቹ ከማን እንደተማሩት እስኪጠፋቸው ይደሰቱበታል።

«ዝናቡስ?» ይሉ ይሆናል። ዝናቡ ይምጣ። በሩፋኤል፣ ጳጉሜን 3፣ ዝናብ ውስጥ ስንሯሯጥ አድገናል። ሃይላንድ ጠርሙስ አናቱን ቆርጠው፣ ገልብጠው እንደ ማንቆርቆሪያ ከተቱትና ጎኑ ላይ በማስመሪያ ሚሊሜትር ምልክት ካደረጉበት የዝናብ መለኪያ ሆነ። ከሰማይ የወረደው በረከት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ልጁ ለእናቱ ሊነግራት ይችላል።

ጅራፍ ግን ለብቻው ቦታ ይሰጠኝ። ለቡሄ የተገመደው ጅራፍ ጳጉሜን ሲመጣ ገና ከቤት አልጠፋም። ጅራፍ ለምን እንደሚጮኽ ልጆቹን ሲጠይቋቸው መሬቱን ስለሚመታ ነው ይላሉ። አየር ላይ ሲያጮኹት የዋሉ ልጆች ናቸው እንዲህ የሚሉት! ጅራፉ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ እጃችን የሰጠው ጉልበት ወደ ቀጭኑ ጫፍ ሲደርስ የሚያንቀሳቅሰው ክብደት ትንሽ ስለሚሆን ፍጥነቱ ያሻቅባል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የጅራፉ ጫፍ ያንን ሲያልፍ ነው «ጧ!» የሚለው። የጦር አውሮፕላን ከድምፅ ሲፈጥን መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ነጎድጓድ ከዚሁ ወገን ነው። ከድምፅ የሚፈጥን ነገር የሠሩት የቡሄ ልጆች አባቶች አውሮፕላን ከመታሰቡ በፊት ነው ማለት ነው። ይህን ልጁ ራሱ ገምዶ፣ ራሱ ወርውሮ፣ በተለያየ ውፍረት ሞክሮ ይድረስበት እንጂ እኔ አልነግረውም። (እርግጥ ነው፣ ከሕዝቡ ራቅ ያለ፣ በገመድ የታጠረ ቦታ ያስፈልጋል። ዓይን አንድ ጊዜ ከጠፋ አይመለስም።)

የቀረውን ቶሎ ልበለው። ክራር ላይ ክሩን እኩሌታው ላይ ሲይዙት ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወደ ትዝታና ባቲ ቅኝት መሄድ ነው። ቡና የምታፈላ እናት ጀበናዋ አጠገብ ቴርሞሜትር ይቀመጥ፤ መጽሐፋችን ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፣ በዚህ ከፍታ ግን 92 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ከጥላሸት የድሮ ጸሐፊዎች ዓይነት ቀለም በጥብጦ የእንቁጣጣሹን ሥዕል በዚያ መሣል ይቻላል። ፀሐይ ብቅ ካለች ደግሞ በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ በስቶ ምስሏን መሬት ላይ መጣል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ ቀለበት ሆና በታየች ጊዜ በየሰፈሩ ኤክስሬይ ፊልም ዓይናቸው ላይ የደቀኑትን ሰዎች ሳስታውስ፣ ያች የመርፌ ቀዳዳ ስንት ዓይን በጠበቀች እላለሁ። የእንጦጦው ቴሌስኮፕ ለሌላ ጊዜ ይቆየን፤ በጳጉሜን ሰማዩ አይታመንም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ በምን ይሆናል? ድንኳኑ የዕድሩ ነው። አግዳሚ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም፣ ብርጭቆውም አለ፤ ለልቅሶ የምናወጣውን ለአንድ ቀን ለልጆች ብናወጣው የሚከፋው የዕድር ዳኛ አላውቅም። መንገድ መዝጋትም አዲስ ነገር አይደለም፤ ከተማዋ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ብላ በእሑድ ሰፋፊ ጎዳናዎችን ለእግረኛ ስትከፍት አይተናል። አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትና አራት ኪሎ ያለው የተፈጥሮ ሳይንስ ኮሌጅ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው፤ የሁለቱም ተማሪዎች እየተጣመሩ በየጠረጴዛው ረዳት ሊሆኑ ይችላሉ። ሸክላው የሚተኮስበት ቦታ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ባለሙያ እንዲቆምልን የቢሮዎ ደብዳቤ ያስፈልገናል።

አሁን ደግሞ የማንፈልገውን ልናገር፤ ስላስለመዳችሁን ነውና አይቆጡኝ። መድረክ አንፈልግም። የመክፈቻ ንግግር፣ ሪባን፣ ቀኑ የታተመበት ቲሸርትና ኮፍያ ይቅሩብን። ድምፅ ማጉያ ካመጣችሁ ክራሩን ማን ይሰማዋል? ባዛርም አይሁን፤ ባዛር የገባበት በዓል ከሰዓት በኋላ የሻምፑና የጫማ ገበያ ሆኖ ሲያልቅ ደጋግመን አይተናል። የክብር እንግዳ የግድ ከሆነ ይምጡ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጭቃ ያቡኩ። ሪፖርቱም ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ታደመ ተብሎ ባይጻፍ ደስ ይለኛል። እያንዳንዱ ልጅ በእጁ የሠራውን አንድ ነገር ይዞ ወደ ቤቱ ገባ ወይስ አልገባም? የሚቆጠረው ይህ ይሁን።

አንድ ነገር ላይ ግን እንከራከራለን። ባለሙያዎቹ የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸው ብቻ አይሸኙ። ለአንድ አሠልጣኝ በቀን የሚከፈለው አበል ለሸክላ ሠሪዋም፣ ለሸማኔውም፣ ለክራር ሠሪውም ይከፈላቸው፤ በክፍያ ሰነዱ ላይም በሙያ ዓምዱ «አሠልጣኝ» ተብሎ ይጻፍ። አንድ ቀን ከሥራቸው ርቀው ሲውሉ ገበያቸው ይቀርባቸዋል። በነጻ ያገልግሉ ብንላቸው ደግሞ የቆየውን ንቀት በጨዋ ቋንቋ መድገማችን ነው። ቢሮዎ ገንዘብ የሚያወጣው ለዚህ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወረዳ ይበቃል። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ለወረዳው አስተዳደርና ለትራፊክ ማኔጅመንት የትብብር ደብዳቤ ከጻፉልን፣ ባለሙያዎቹን ማነጋገሩንና ዕድሮቹን ማስማማቱን እኛ የሰፈሩ መምህራን እንወጣዋለን። አይሆንም የሚሉ ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳውቁን፤ ጉድለታችንን አርመን በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ እንደገና እናመለክታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጉለሌ የፊዚክስ መምህር