ለአሮጌ ኮምፒዩተር አዲስ ፓወር ሰፕላይ ስለ መምረጥ

አንዲት አንባቢያችን፥ ሟች ወንድማቸው ከባሕር ማዶ ይዘውት የመጡትን ኮሞዶር 64 የሚባለውን ኮምፒዩተር ከነካሴቶቹ አግኝተው፥ ወንድማቸው በእጃቸው የጻፏቸውን ፕሮግራሞች ለልጆቹ ለማሳየት አስበዋል። ከዕቃው ጋር ያለውን ፓወር ሰፕላይ ልሰካው ወይስ ሌላ ልግዛ ብለው ጠይቀውናል። እኛም ከሁሉ አስቀድመን አሮጌውን አይስኩት እንላለን።

ይህ ኮምፒዩተር ለገበያ የወጣው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1982 ዓመተ ምሕረት ሲሆን መሠራቱ የቀረው በ1994 ነው። ስለዚህ ከሁሉ የኋለኛው ሣጥን እንኳ 30 ዓመት አልፎታል። በብዙዎቹ ሣጥኖች የውስጡ ዕቃ በደረቀ ሙጫ ተደፍኖ ስለ ታሸገ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ከፍቶ ለመጠገንም አይመችም። 5 ቮልቱን የሚቈጣጠረው ክፍል ሲያረጅ ደግሞ ከልኩ በላይ ይለቃል። የሜሞሪው ቺፖች የተሠሩት እስከ 5.5 ቮልት ድረስ እንዲችሉ ነውና ከዚያ ሲያልፍባቸው ይቃጠላሉ። ሣጥኑ ይህን ሲያደርግ ጭስም ላያሳይ፥ ድምፅም ላያሰማ ይችላል። በቴስተር ለክተን ደኅና ሆኖ አገኘነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ቀዝቅዞ ሳለ 5 ቮልት ብሎ የመሰከረ ሣጥን ሲሞቅ ቃሉን ይለውጣል፤ ቃሉን በሚለዋውጥ ምስክር ደግሞ እንኳን ርስት በግም አይፈረድበት።

የስልክ ቻርጀርም 5 ቮልት ይሰጣልና ገመዱን ቈርጠን ብንቀጥለውስ የሚል ብልኅ ልጅ በየቤቱ አይጠፋም። ኮሞዶሩ ግን ሁለት ዓይነት ኃይል ይፈልጋል፤ ይኸውም 5 ቮልት ዲሲና 9 ቮልት ኤሲ ነው። በቀደሙት ሞዴሎች ሥዕሉንና ድምፁን የሚያወጡት ቺፖች ከ9 ቮልቱ ስለሚቀለቡ፥ እርሱ ከሌለ የቴሌቪዥኑ መስተዋት ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ካሴቱን የሚያዞረው ሞተርም የሚነሣው ከዚያው ነው። 9 ቮልት ዲሲ የሚሰጥ አዳፕተርም የኤሲውን ስፍራ አይተካም።

እንግዲህ ሲገዙ ለዚሁ ኮምፒዩተር ተብሎ አዲስ የተሠራ፥ ሁለቱንም ኃይል የሚሰጥ፥ ፊውዝ ያለው፥ በብሎን የሚከፈት፥ ቮልቱ ሲያልፍም ራሱ የሚያቋርጥ ይምረጡ። በ5 ቮልቱ በኩል ከ1.5 አምፔር አይነስ። ቢበልጥ አይጐዳም፤ ገንቦው ትልቅ ስለ ሆነ ጠጪው ከጥሙ በላይ አይጠጣምና። ቮልት ሲበልጥ ግን ያጠፋል። ገንዘቡ ያጠረው ሰው በሣጥኑና በኮምፒዩተሩ መካከል የሚገባ፥ ቮልቱ ሲያልፍ የሚያቋርጥ ትንሽ መከላከያ ሊገዛ ይችላል፤ ለእኛ ግን ይህ ጊዜያዊ መላ ነው።

ኮምፒዩተሩ ከአሜሪካ የመጣ እንደ ሆነ ሣጥኑ የተሠራው ለ120 ቮልት ነውና በአገራችን 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። ለ220 የተሠራ ሲገዙለት ኮምፒዩተሩ ይሠራል። ነገር ግን በውስጡ ያለው አንድ ሰዓት የኤሌክትሪኩን ምት የሚቈጥር ስለ ሆነ፥ በአሜሪካ በሴኮንድ 60 የነበረው በእኛ 50 ሲሆንበት፥ ፕሮግራሙ ካልተስተካከለ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።

አዲሱ ሣጥን ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ሳይያያዝ፥ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ባለ 7 እግሩን መሰኪያ በቴስተር ይለካ፤ 5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ውስጥ ቢገኝ መልካም ነው። ይህንም ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ መፈጸም ይሻላል፤ ካዩት አይታገሡምና።