አረንጓዴ ሁሉ ግጦሽ አይደለም



ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ ኮርስ ፕሮጀክት የቦረናን የግጦሽ መሬት ካርታ ሠርተን ነበር። ምስሉን ሴንቲኔል-2 ከሚባለው ሳተላይት በነጻ አወረድን፤ መሬቱን ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ጫካና ባዶ መሬት ብለን በአራት ቀለም ለየነው፤ ጥሩ ማርክም አገኘንበት። አንድ ማታ ዶርም ውስጥ ያቤሎ አካባቢ ያደገ ወንድማችን ካርታውን አየውና ዝም አለ። ከዚያ «ጥሩ ሣር» ብለን በአረንጓዴ የቀባነው ቦታ ላይ ጣቱን አሳርፎ «እዚህ ከብት ብታስገቡ በረሃብ ያልቅባችኋል» አለን። ቦታው ፉሌንሳ የወረረው ነበር። ፉሌንሳ ጥቁር አፈር የሚወድ እሾሃም ግራር ነው፤ እሾሁ ሥር ባበጠው ክፍት ውስጥ ጉንዳን ይኖርበታል። በብዛት ሲበቅል ሣሩን ያፍነዋል።

ሳተላይቱ አልዋሸንም። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፣ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ደግሞ መልሶ ያንጸባርቃል። የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው ስናካፍል ኤንዲቪአይ የምንለው ቁጥር ይወጣል። ይህ ቁጥር መሬቱ ምን ያህል እንደለመለመ ይነግረናል እንጂ የለመለመው ቅጠል የማን እንደሆነ አይነግረንም። በሳቫና ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም የሳቫና ጠባዩ ሣርና ዛፍ ተደባልቀው መኖራቸው ነው። የላንድሳት ምስል አንድ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር፣ የሴንቲኔል-2 ደግሞ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይሸፍናል። በዚያች ነጥብ ውስጥ የግራር ጥላ፣ ደረቅ ሣርና ቀይ አፈር አንድ ላይ ሊገቡ ይችላሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን አንድ ስም ብቻ ይሰጣታል።

የኛ ጥፋት ሌላም ነበረው። የተጠቀምነው አንድ ቀን የተነሳ ምስል ብቻ ነው፤ እሱም ከገና ዝናብ (ቦረናዎች ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለውን ዝናብ እንዲህ ነው የሚሉት) በኋላ የተነሳ። በዚያ ወቅት ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። ዝናቡ ሲቆም ሣሩ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ብዙው ቁጥቋጦ ግን ልምላሜውን ይዞ ይሰነብታል። ስለዚህ የእርጥቡንና የደረቁን ወቅት ምስል ጎን ለጎን ማየት ግድ ነበር። ሳተላይቶቹ በየጥቂት ቀኑ ይመላለሳሉ፤ ምስል አጣን የምንልበት ምክንያት አልነበረንም። ሰነፍን፣ በቃ።

የኮርስ ፕሮጀክት ስህተት ማንንም አይጎዳም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ይኸው አረንጓዴነት ዛሬ ለአርብቶ አደሩ የገንዘብ ሚዛን ሆኗል። በቦረና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሳተላይት የሚሰላ የከብት መድን ቀርቧል። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ዋጂር ደግሞ በ2013 በሸሪዓ መንገድ የተዘጋጀ የተካፉል መድን ተጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመትም ለአርብቶ አደሮች ካሳ ከፈለ። በእንዲህ ዓይነቱ መድን የሞተ ከብት ቆጣሪ አይላክም። የአካባቢው አረንጓዴነት ከወትሮው ዝቅ ሲል ካሳው ይከፈላል፤ ካልወረደ አይከፈልም። የሞዲስ ምስል፣ ለዚህ ሥራ ያገለገለው፣ አንድ ነጥቡ 250 ሜትር በ250 ሜትር ነው። እንግዲህ ሣሩ አልቆ ቁጥቋጦው ለምለም ሆኖ ከቆመ ሚዛኑ «ደህና ነው» ሊል ይችላል፤ ላሟ ግን ወድቃለች። መዋጮውን በወቅቱ የከፈለ ሰው ሐቅ እዚያች ነጥብ ውስጥ ይቀራል። የተካፉል ውሉ የቱንም ያህል ሐላል ቢሆን ሚዛኑ ከተዛባ ምን ይጠቅመዋል?

ቁጥቋጦውም በአንድ ቀን አልመጣም። ቦረናዎች ድሮ ግጦሹን በእሳት ያድሱት ነበር፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማቃጠል በመንግሥት ተከለከለ። በዚያ ላይ የግጦሽ ጫናና ተደጋጋሚ ድርቅ ተጨመረበት። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረና የደረሰውን እልቂት የማያውቅ የለም። ደግሞ ቁጥቋጦ ለሁሉም ጠላት አይደለም፤ ግመልና ፍየል ቅጠሉን ይበላሉ፣ ብዙ ቤተሰብም ፊቱን ወደ ግመል አዙሯል። «መጥፎ መሬት» የሚለው የካርታ ቀለም የላም ባለቤትና የግመል ባለቤት እኩል የሚስማሙበት አይደለም።

ሌላው የምንሞኝበት ነገር ፐርሰንት ነው። 100 የመፈተኛ ነጥብ ቢኖረንና 80ው ቁጥቋጦ ቢሆን፣ ሁሉንም «ቁጥቋጦ» ብሎ የሚጠራ ፕሮግራም 80 ፐርሰንት ያገኛል፤ አንድም ሣር ሳያውቅ! መድረሳ የቀራን ሰዎች ይህ ሊያታልለን አይገባም ነበር። ብቻችንን ስናነበው ልክ የመሰለን ስንት አንቀጽ ነው ኡስታዙ ፊት ስንቀራው የተሰበረው። ካርታም እንዲሁ መሬቱን በሚያውቀው ሰው ፊት ሳይቀራ «አለፈ» ሊባል አይገባውም።

ስለዚህ ከቦረና፣ ከጉጂ፣ ከሶማሌና ከአፋር የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእረፍት አገር ቤት ስትገቡ አንድ ሥራ አግዙን። ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ ይበቃል። አንድ ዓይነት ተክል በሰፊው ከያዘው ቦታ መሐል ቆማችሁ ነጥቡን መዝግቡ፣ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ። ተክሉን ሽማግሌዎች ምን እንደሚሉት፣ የትኛው እንስሳ እንደሚበላውም ጠይቁ። ከመንገድ ዳር ብቻ አትሰብስቡ፤ መንገድ ዳር ያለው መሬት ብዙ ጊዜ ከውስጡ የተለየ ነው። እኛ በበኩላችን ካርታውን በሁለቱም ወቅት ምስል እንደገና እንሠራዋለን። ስትመለሱ፣ ኢንሻአላህ፣ ከመጀመሪያው ጁሙዓ በኋላ ላፕቶፑን ይዘን እንጠብቃችኋለን። ያ የያቤሎ ወንድማችንም ይኖራል፤ እስካሁን ማርካችን ላይ ይስቃል።