ውሉ ይቅደም ወይስ ጉዞው?

ሥራውን ይዞ ይውጣ

ዲግሪ የያዘ ልጅ በቪዚት ቪዛ ዱባይ ሲገባ ዘመድ ሁሉ «ወጣለት» ይላል። ዴራ ሰፈር ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል የአልጋ ኪራይ እየከፈለ፣ ቀኑን ሙሉ ሲቪውን ከሆቴል ሆቴል ሲያዞር መዋሉን ማን ይነግራቸዋል? በቪዚት ቪዛ መሥራት በአገሩ ሕግ ክልክል ነው። ቀኑ ካለፈ ደግሞ በየዕለቱ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠርበታል። ቀጣሪው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ደመወዙን የሚቆርጠው የልጁን ችሎታ አይቶ ሳይሆን ቪዛው ሊያልቅ ስንት ቀን እንደቀረው ጠይቆ ነው። ሲቪል መሐንዲሱ የሱቅ ሻጭ ሆኖ የሚፈርመው ለዚህ ነው።

የአገራችን የ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 እኮ የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ አሠሪው ይክፈል ይላል። በቪዚት የወጣው ግን ሁሉንም ከቤተሰቡ ኪስ ከፍሏል፤ ሲከፋው የሚከሰው ኤጀንሲም የለውም።

ወጥቶ ይፈልግ

ወንድሜ፣ አዋጁ ደግ ነው። ግን ኤጀንሲዎች በር ላይ የሚለጠፈውን አንብበኸዋል? የቤት ሠራተኛ፣ አሁንም የቤት ሠራተኛ፣ አልፎ አልፎ ሹፌር። በአካውንቲንግ የተመረቀች ልጅ የቤት ሠራተኛነት የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ወስዳ በዚያው ውል ትሄዳለች። ውሉ በእጇ ነው፤ ዲግሪዋ ሻንጣ ውስጥ ቀርቷል። ስፖንሰሩ ቢያስቸግራት እንኳ የመኖሪያ ፈቃዷ በእሱ ስም የታሰረ ስለሆነ እንደልቧ ቤት አትቀይርም። ይህን ነው ዋስትና የምትለኝ?

ቀጣሪ ነገ ለኢንተርቪው የሚደርስለትን ይመርጣል፤ ከአዲስ አበባ የተላከ ኢሜል መልስ አያገኝም። ጀርመን ራሷ ይህን ተረድታ ከግንቦት 2016 መጨረሻ ጀምሮ ውል ለሌለው ባለሙያ አንድ ዓመት ሥራ የሚፈልግበት «የዕድል ካርድ» መስጠት ጀምራለች። እየፈለገም በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል።

መልስ

እኅቴ፣ ካርዱን ጠቀስሽ፤ ዋጋውን ዘለልሽው። አመልካቹ የዓመት መተዳደሪያውን ማሳየት አለበት፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ስሌት በወር 1,091 ዩሮ። ይህን ያህል በባንክ ያስቀመጠ አዲስ ተመራቂ ካወቅሽ አስተዋውቂኝ። ጀርመኖቹ ባዶ እጁን የመጣ ሰው ምን ዓይነት ውል እንደሚፈርም ስለገባቸው ነው መጀመሪያ የሚበላውን አሳየኝ የሚሉት። ዱባይ ግን የዓመት መተዳደሪያ የሚጠይቀው የለም።