ታፔላውን ሳሎን ሰቅሎ «ጨርሻለሁ» የሚለው ሠራተኛ

አንድ መሥሪያ ቤት ቤት ቀየረ እንበል። መንገድ ዳር የቆመው ታፔላ ግን አሁንም ወደ አሮጌው ቤት ያመለክታል። አለቃው ሠራተኛውን ጠርቶ «ይሄን ንቀልና ወደ አዲሱ ቤት የሚያመለክተውን ትከል» ይለዋል። ሠራተኛው አሮጌውን ታፔላ ተከትሎ አሮጌው ቤት ይገባል፤ አዲሱን ታፔላ ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቅልና ተመልሶ «ጨርሻለሁ» ይላል። ባለጉዳዩ ወደ አሮጌው ቤት መጉረፉን ይቀጥላል። ይሄ ሠራተኛ በማግስቱ ሥራ ላይ ይገኛል?

በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ግን ለአሥርት ዓመታት ሥራ ላይ ነው። ስሙ «ኤልኤን» ይባላል፤ ሲምቦሊክ ሊንክ የሚፈጥር ትዕዛዝ ነው። ሲምቦሊክ ሊንክ በ1983 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ4.2 ቢኤስዲ ጀምሮ የዩኒክስ ቤተሰብ ታፔላ ሆኖ ኖሯል። ብዙ ድረ ገጾች የሚታደሱትም በእሱ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ቅጂ በራሱ ፎልደር ይቀመጣል፤ «የአሁኑ» የሚል ሊንክ ደግሞ ሥራ ላይ ያለውን ፎልደር ያመለክታል። ቅጂ ሲቀየር የሚዞረው ሊንኩ ብቻ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው።

ጉዱ ያለው ማዞሩ ላይ ነው። ባለሙያው «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉትን ምርጫዎች ጨምሮ ያዛል። «ኤፍ» ማለት በግድ፣ ያለውን አንስተህ ተካ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሊንኩ ገና ስላልነበረ ሁሉም ያምራል፤ ሙከራውም ያልፋል። በሁለተኛው ጊዜ «ኤልኤን» ያንን ስም ሲያይ ወደ ፎልደር የሚያመለክት ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ሊንኩን አይተካውም፤ ተከትሎት ይገባና አዲሱን ሊንክ አሮጌው ፎልደር ውስጥ ይፈጥረዋል። ከዚያም ዜሮ ይመልሳል። በዚያ ዓለም ዜሮ «ተሳክቷል» ማለት ነው።

አፕዴቱ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን ከሆነስ? ባለሙያው «ተደፍኗል» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል፣ አለቃው ይፈርማል፤ ሰርቨሩ ግን ቀዳዳውን እንደያዘ የደንበኞችን መረጃ ያስተናግዳል። በኢትዮጵያ ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ሲባል ቢያንስ እንደሌለ አውቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚህ ሲስተሙ አለ፣ ይሠራል፤ የትናንቱ ነው እንጂ።

ነገሩ ሲታወቅ ጥፋቱ የሚለጠፈው ባለሙያው ላይ ነው። «ማኑዋሉን አላነበበም» ይባላል። ማኑዋሉ ላይ በእርግጥ ተጽፏል። በጂኤንዩ «ኤን» ወይም ትልቁ «ቲ» ቢጨመር፣ በቢኤስዲ በኩል «ኤች» ቢጨመር ትዕዛዙ ሊንኩን ሳይከተል ይተካዋል። የ2008ቱ የፖዚክስ ደረጃ ግን ከእነዚህ አንዱንም አላካተተም። ወጥመዱ በደረጃ የጸደቀ፣ መውጫው እንደየቤቱ! ጠንቃቆቹ ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው፤ አዲሱን ሊንክ በጊዜያዊ ስም ፈጥረው በ«ኤምቪ» እና በትልቁ «ቲ» በአንድ ቅጽበት ይተኩታል። ይሄን የሚያውቅ ሰው በአብዛኛው አንድ ጊዜ የተቃጠለ ነው።

ጠባዩ እንዳይነካ የሚሟገቱ ወገኖች የሚያነሱት ነጥብ ዋዛ አይደለም። በሊንክ በኩል ፎልደር ውስጥ ገብተው ሆን ብለው ሊንክ የሚፈጥሩ የቆዩ ስክሪፕቶች አሉ፤ ጠባዩ ድንገት ቢቀየር ይበላሻሉ። ይሁን፣ አይቀየር። ዝምታውስ? «በግድ ተካ» ተብሎ ሳይተካ ሲቀር አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ቢጽፍ የሚመልሰው ዜሮ እንኳን አይነካም። በጂኤንዩው «ኤልኤን» ላይ «ቪ» የሚባለው ምርጫ ሲጨመር ሊንኩን የት እንደሰቀለው ቁጭ አድርጎ ይናገራል። መናገሩን ያውቅበታል ማለት ነው፤ ካልጠየቁት ግን ትንፍሽ አይልም።

እስከዚያው ድረስ አፕዴት የሚያጸድቅ አለቃ «ተሳክቷል» የሚለውን ወረቀት ትቶ «ሪድሊንክ» የሚባለውን ትዕዛዝ ያስጠራ፤ ሊንኩ ዛሬ ወዴት እንደሚያመለክት በአንድ መስመር ይነግረዋል።