ምን ይዘህልን መጣህ?



ከጥቂት ጊዜ በፊት በወጣቶችና በማህበረሰብ አገልግሎት ላይ የሚመክር እስላማዊ ጉባኤ ለመሳተፍ ወደ ኢስታንቡል ሄጄ ነበር። ላምበረት ወደሚገኘው ሰፈሬ በተመለስኩ ማግስት፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ሐጂ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ምን ይዘህልን መጣህ?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አሳየኋቸው። «ማሻአላህ» ብለው ዝም አሉ። ያ ዝምታቸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ግብዣው በወዳጅ በኩል ደረሰኝ፤ ለኢማሙም ለጀመዓውም ሳልናገር ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ማንም አልላከኝም። ያልተላከ ሰው ደግሞ ሲመለስ መልስ የሚያደርስለት የለውም።

ሶሃባዎች እንዲህ አልተጓዙም። ወጣቱ ሙስዐብ ኢብን ዑመይር (ረ.ዐ) ወደ የስሪብ የሄደው ከመጀመሪያው የዐቀባ ቃል ኪዳን በኋላ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተልኮ ነው። በቀጣዩ የሐጅ ወቅት ከዚያች ከተማ ከሰባ በላይ ሙስሊሞች ለሁለተኛው ቃል ኪዳን መጡ። እዚሁ ሀገራችን ነጃሺ ፊት የቆመው ጃዕፈር ኢብን አቢጧሊብም (ረ.ዐ) የተናገረው በስደተኞቹ ሁሉ ስም ነበር።

የኛ ሰላማዊ ትግል መነሻም ይኸው የውክልና ጉዳይ ነበር። በ2003 ከሊባኖስ አሰልጣኞች መጥተው የአህባሽን አስተምህሮ ሲሰጡን ማንም አላማከረንም። በጥር 2004 ከአወሊያ የተነሳው ድምፅ የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጂዳችን ይሁን አለ። ታዲያ ከመንግስት የጠየቅነውን ሹራ በገዛ መስጂዳችን ውስጥ፣ ለአንድ የጉባኤ ግብዣ እንኳ ካልተጠቀምንበት ያ ጥያቄያችን ምን ክብደት ይኖረዋል?

«በዚህ ጊዜ ውጭ ሀገር እሄዳለሁ ብሎ በጀመዓ ፊት መናገር ራስን ለእስር መስጠት አይደለም ወይ?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ስጋታቸው ተራ ስጋት አይደለም። ሐምሌ 27 ቀን 2007 በጸረ ሽብር አዋጁ 18 ወንድሞቻችን ከ7 እስከ 22 ዓመት እስር ተፈርዶባቸዋል። ከነሱም መካከል በአደባባይ የመረጥናቸው የኮሚቴ አባላት አሉ። ግልጽነታቸው ከእስር አላዳናቸውም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ስማቸው በጠፋ ጊዜ ሚሊዮኖች «ኮሚቴዎቹ የኛ ናቸው፤ የላክናቸው እኛ ነን» ብለው የመሰከሩት በግልጽ ስለተመረጡ ነው። ተደብቆ የሄደ ሰው አንድ ነገር ቢደርስበት ማን ነው የሚመሰክርለት?

አትሂዱ ማለቴ አይደለም። እዚያ ያየሁት ይጠቅመናል። አንዲት የደቡብ አፍሪካ እህት በሀገራቸው ከ1974 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የሚሰራውን ሳንዛፍ የተባለ የዘካ ድርጅት አስረዱን። ሙስሊሙ ዘካውን በአንድ ቦታ ያሰባስባል፤ ከሚገባቸው ውስጥ ድሃ ተማሪዎች የትምህርት ወጪያቸው ይሸፈንላቸዋል። ይህን ስሰማ ያሰብኩት ላምበረትን ነው። መናኸሪያችን በየቀኑ ከደብረ ብርሃንና ከወሎ መስመር ልጆችን ያወርዳል። ገሚሱ ዕቃ ተሸክሞ ያድራል፤ ገሚሱ ስደትን ያልማል። በ2006 ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተባረው ሲመለሱ ምን እንደያዙ ሁላችንም አይተናል። ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም አልነበራቸውም። እኛ ግን ዘካችንን እያንዳንዳችን በየበራችን በትነን እንሰጣለን። ለቀን ጉርስ ይሆናል እንጂ አንድን ልጅ አስተምሮ ለማስመረቅ አይበቃም።

ለዚያ ሐጂ መንገር የነበረብኝ ይህንን ነበር።

ስለዚህ ለየመስጂዱ ጀመዓ የማቀርበው ሀሳብ ቀላል ነው። ግብዣ የደረሰው ሰው ደብዳቤውን ለኢማሙና ለወጣቶች ያሳይ። ማን እንደሚሄድ በሹራ ይወሰን፤ እህቶቻችንም ከሹራውም ከተጓዦቹም አይጉደሉ። ተጓዡ ከሰፈሩ አንድ ጥያቄ ይዞ ይሂድ፤ ለምሳሌ «መናኸሪያ ላይ ለሚያድሩ ልጆች ምን እናድርግ?» የሚል። ወጪውን ማን እንደሸፈነም ይናገር። በተመለሰ በመጀመሪያው ሳምንት ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ ያየውን ያስረዳ፤ ጀመዓውም ከሰማው አንዱን መርጦ ለሦስት ወር ይሞክረው።

እኔም ዘግይቼም ቢሆን በሚቀጥለው ጁምዓ፣ ከመግሪብ በኋላ ሐጂውን ከፊት አስቀምጬ መልሴን እሰጣለሁ፤ ኢንሻአላህ። ጉዞ አማና ነው። አማናውን ለባለቤቱ የመመለስ ልምድ ከራሳችን ይጀምር።

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!