ከማሽኑ ዋጋ በፊት ሰዓቱ ይቆጠር

የአወዳይ ጫት ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆጥረው ሰዓት ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ ጀምሮ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል፤ መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ ጅቡቲ የሚደርሰው ገራባ ነው። ይህን ሒሳብ ጠንቅቆ የሚያውቅ ገበያ በሕክምና መሣሪያ ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ሲነሳ ግን የሚጠይቀው የማሽኑን ዋጋ ብቻ ነው። በፔት ሲቲ ረገድ ይህ አካሄድ ለኪሳራ ይዳርጋል።

ፔት ሲቲ ሁለት ምርመራዎችን በአንድ አልጋ ላይ ያጣመረ መሣሪያ ነው። ሲቲው በኤክስሬይ የአካል ክፍሎችን ቅርጽና ቦታ ያሳያል። ፔቱ ደግሞ ሕዋሳቱ ምን እየሠሩ እንደሆነ ይከታተላል። ታካሚው ኤፍዲጂ የተባለ፣ ጨረራ አመንጪ ፍሎሪን-18 የተያያዘበት ስኳር መሰል መድኃኒት በደም ሥሩ ይወጋል። አብዛኞቹ የካንሰር ሕዋሳት ስኳር ስለሚሻሙ ከአካባቢያቸው ደምቀው ይታያሉ። ዴቪድ ታውንሰንድና ሮናልድ ነት ያበለጸጉት የመጀመሪያው የሙከራ ማሽን በአሜሪካ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ታይም መጽሔት በ2000 የዓመቱ የሕክምና ፈጠራ ብሎታል።

ጥቅሙ በሽታን በማግኘት ብቻ አያበቃም። የሊምፎማ ካንሰር ታካሚ መድኃኒቱን ጨርሶም እብጠቱ በሲቲ ላይ ሊታይ ይችላል። የቀረው ጠባሳ ይሁን ሕይወት ያለው ካንሰር በቅርጹ ብቻ መለየት ያስቸግራል፤ ፔቱ ግን ልዩነቱን ለማየት ይረዳል። ስለሆነም ምርመራው ይደጋገማል። ለዚህ ሲል ባሕር ማዶ የሚሄድ ሕመምተኛ በየጊዜው የአውሮፕላን ቲኬት፣ የሆቴልና የአስታማሚ ወጪ ይከፍላል፤ ሁሉም በዶላር ነው። ከዚህ አንጻር ፈላጊው ብዙ ነው።

አስቸጋሪው አቅርቦቱ ነው። የፍሎሪን-18 ኃይል በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። ሳይክሎትሮን በተባለ ማሽን ስለሚመረት፣ ናይሮቢ የሚገኘው የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ2018 ፔት ሲቲውን ያቋቋመው ከራሱ ሳይክሎትሮን ጋር ነበር። ከናይሮቢ አዲስ አበባ በረራው ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። የሁለቱ ከተሞች መንገድና የጉምሩክ ፍተሻ ተጨምሮበት 220 ደቂቃ ቢፈጅ የሚደርሰው ሩብ ነው፤ 330 ደቂቃ ቢፈጅ ደግሞ አንድ ስምንተኛ። ታካሚው ከተወጋ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቃል። በዚያ መሐል መብራት ቢጠፋ መድኃኒቱ ለነገ አይቀመጥም።

“ማሽኑ ይግባ እንጂ ሌላው ይከተላል” የሚሉ አይጠፉም። የባንክ ወለድ ግን ማሽኑ ሠራ አልሠራ መቁጠሩን አያቆምም። መጀመሪያ ከሚገባው ይልቅ መድኃኒቱ ኋላ የሚመጣ ከሆነ፣ ባለሀብቱ የገዛው ውድ ሲቲ ስካን ብቻ ነው።

የሚያዋጡ መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ስፔክት ሲቲ ከተባለው ሌላው ጥምር መሣሪያ መነሳት ነው። ይህ የሚጠቀምበት ቴክኒሺየም-99ኤም በግማሽ የሚቀንሰው በ6 ሰዓት ሲሆን፣ የሚቀዳውም ሞሊብዲነም ከያዘ ጄኔሬተር ነው። ሞሊብዲነሙ በግማሽ ለመቀነስ 66 ሰዓት ስለሚወስድበት በሳምንት አንድ ጊዜ በአውሮፕላን የሚመጣ ጄኔሬተር ለቀናት ያገለግላል። ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰርን፣ የእንቅርት ዕጢንና ልብን ለመመርመር ይረዳል። በሊምፎማ ላይ የፔትን ቦታ አይተካም፤ ሆኖም ባለሙያውን ያሠለጥናል፣ የአስመጪነቱንም መስመር ይከፍታል።

ሁለተኛው፣ ሆስፒታሎች በየፊናቸው ከመሯሯጥ በአክሲዮን ተደራጅተው በአንድ ሳይክሎትሮን ብዙ ማሽኖችን መቀለብ ነው። ሳይክሎትሮኑ ከተማው ውስጥ ከሆነ 110 ደቂቃው በቂ ነው፤ ወጪውም ለብዙ ይካፈላል።

እንግዲህ ደላላው ፕሮፎርማ ይዞ ሲመጣ ዋጋው ስንት ነው ከማለት በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ መድኃኒቱ ከየት ተነስቶ በስንት ሰዓት ይደርሳል? ለዚህ መልስ የሌለው ፕሮፎርማ ባይፈረም ይሻላል።